ሳይለካ የተሰጠ ወሰን፦ የስልክ ሜሞሪ አጋራርና ሐሙሲት ዘግይቶ የሚደርሰው ጥገና

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሐሙሲት የደራና የፎገራ ሜዳ ገበሬ ሩዙንና ሽንኩርቱን የሚያወጣባት የገበያ ከተማ ናት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእንዲህ ያሉ ገበያዎች ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ ብቻ ሳይሆን ከስልክ ወደ ስልክም መተላለፍ ለምዷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፍርቷል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አንስቶ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል መንገድ እንዲከፈል ተደርጓል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም በስልክ ይያዛል። በአንድ ሩዝ ነጋዴ ኪስ ያለ ስልክ ዛሬ ቦርሳም፣ የባንክ ደብተርም፣ ማኅተምም ሆኗል።

ስለዚያ ስልክ ደህንነት ሲነገር ግን ምክሩ ከሚስጥር ቁጥር አያልፍም፦ ፒንህን ለማንም አትስጥ፣ የማታውቀውን ሊንክ አትክፈት። ምክሩ ትክክል ነው። ከሥሩ ግን ተጠቃሚው የማያየውና በጥንቃቄ ብቻ የማያመልጠው ሌላ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳምሰንግ ስልኮች፣ በ2019 በሚዲያቴክ ቺፖች፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በተደጋጋሚ ማሊ በተባለው የግራፊክስ ቺፕ የተገኙት ከባድ ክፍተቶች ላይ ላዩን የተለያዩ ይመስላሉ። መሠረታቸው ግን አንድ ነው፦ የስልኩ ዋና አስተዳዳሪ የሆነው ከርነል የራሱን ሜሞሪ ለመተግበሪያዎች ሲያጋራ ወሰኑን በትክክል አለመለካቱ።

የዚህ ትንታኔ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ስህተቱ የሚወለደው በኮድ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የአደጋውን መጠን የሚወስነው ግን ጥገናው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተጠቃሚው ስልክ ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በዚህ ረጅም መንገድ ሐሙሲት መጨረሻ ከሚደረስባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

አንድ ሜሞሪ፣ ብዙ ባለይዞታ

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሜሞሪው እንጀምር። የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ነው። ስልኩ ያለው ሜሞሪ ወይም ራም አንድ ነው፤ አሠራሩ እንዲቀል ግን በአብዛኞቹ ስልኮች 4 ኪሎባይት በሚያህሉ ቁራጮች ይከፈላል፤ እነሱም ገጽ ይባላሉ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች አሉት ማለት ነው። ቴሌብር፣ ቴሌግራም፣ ካሜራው፣ ከርነሉ ራሱም በነዚሁ ገጾች ላይ ተዳብለው ይኖራሉ።

አንዱ የሌላውን እንዳይነካ የሚያደርገው የገጽ ሰንጠረዥ የሚባለው መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ እንደ መሬት ይዞታ ደብተር ማሰብ ይቻላል። እያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱ ደብተር አለው፤ በደብተሩ ላይ የትኛው ገጽ እንደተሰጠው፣ ማንበብ ብቻ ወይስ መጻፍም እንደተፈቀደለት ተጽፏል። ፕሮሰሰሩ ሜሞሪ በተነካ ቁጥር ደብተሩን ያያል። በደብተሩ ላይ ያልሰፈረን ገጽ መተግበሪያው ሊነካው ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም።

ደብተሩ ላይ የመጻፍ ሥልጣን ያለው ከርነሉ ብቻ ነው፤ የስልኩ ደህንነት በሙሉ የቆመውም በዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ከርነሉ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት የጻፈው ሥራ አይደለም። ካሜራውን፣ ስክሪኑንና የግራፊክስ ቺፑን የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎቹ ድራይቨር ይባላሉ። እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ቺፑን የሠሩት ኩባንያዎች ናቸው። ድራይቨሩ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ የሚይዘው ብዕር ግን የከርነሉ ብዕር ነው። እሱ ደብተሩ ላይ የጻፈውን ማንም ዳግም አይመረምርም።

ለምን ማጋራት አስፈለገ?

ከርነሉ ሜሞሪውን ጨርሶ ባያጋራ ኖሮ ይህ ሁሉ ችግር ባልተነሣ ነበር። አማራጩ መቅዳት ነው፦ መተግበሪያው የሚፈልገውን መረጃ ከርነሉ በራሱ በኩል ያዘጋጅና ቅጂውን ይሰጠዋል። ለአጭር መልእክት ይህ ምንም አይከብድም። ለምስል ግን ዋጋው ብዙ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በርካሽ ስልኮች የተለመደው ስክሪን 720 በ1600 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢይዝ አንድ የስክሪን ምስል 4,608,000 ባይት ይሆናል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ፣ ምስሉን አንድ ጊዜ ብቻ ለመቅዳት በየሰከንዱ 276 ሜጋባይት ገደማ ማንበብና ያንኑ ያህል መጻፍ ያስፈልጋል። ቪዲዮ ሲታይና ካሜራ ሲከፈት ይህ ይደራረባል። ውጤቱ የሚግል ስልክ፣ ቶሎ የሚያልቅ ባትሪና የሚንቀራፈፍ ስክሪን ነው። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ከተማ የባትሪ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ኤምማፕ የሚባል መንገድ ተዘረጋ። መተግበሪያው ይጠይቃል፤ ድራይቨሩ ምስሉ ያለባቸውን ገጾች በመተግበሪያው ደብተር ላይ ይጽፍለታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያንኑ ገጽ ያያሉ፤ የሚቀዳ ነገር የለም። አሠራሩ በራሱ ጥፋት የለውም። ሊኑክስ ሰዓት ለማወቅ የሚያገለግሉ ገጾችን ለሁሉም ፕሮግራሞች ያጋራል፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ በየጊዜው ከርነሉን ማስቸገር አያስፈልግም። ያ መጋራት ለረጅም ዘመን ያለ ችግር የቆየው መጠኑ የተወሰነ፣ ፈቃዱም ማንበብ ብቻ በመሆኑ ነው። ጥያቄው ይጋራ ወይስ አይጋራ አይደለም፤ ሲጋራ ማን ይለካል የሚል ነው።

ወሰን የሚጠፋባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው ጨርሶ አለመለካት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 አሌፍዜን በሚል ስም የሚታወቅ ባለሙያ በኤክሲኖስ ቺፕ የሚሠሩት የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 2፣ ጋላክሲ ኤስ 3ና ጋላክሲ ኖት 2 ስልኮች ላይ አስደንጋጭ ነገር አገኘ። ለግራፊክስና ለካሜራ ሥራ የተዘጋጀ አንድ የሜሞሪ በር የስልኩን ራም በሙሉ፣ ለማንኛውም መተግበሪያ፣ ለማንበብም ለመጻፍም ክፍት ነበር። አንድ ማሳ ለጠየቀ የቀበሌው መሬት በሙሉ በስሙ ተጻፈለት እንደማለት ነው። ሳምሰንግ በቀጣዮቹ ሳምንታት ጥገና ማውጣት ጀመረ።

ሁለተኛው ለክቶ መሳሳት ነው፤ ይህን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ድራይቨር የሚያጋራው 32,768 ባይት ብቻ አለው እንበል። መተግበሪያው ሁለት ቁጥር ያቀርባል፦ ከየት ልጀምር፣ ምን ያህል ልውሰድ። ድራይቨሩ ሁለቱን ይደምርና ድምሩ ከ32,768 ካልበለጠ ይፈቅዳል። ፍተሻው ትክክል ይመስላል። በ32 ቢት ኮምፒውተር ላይ ግን ቁጥር 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ0 ይጀምራል። ተንኮለኛው መተግበሪያ መነሻውን 4,294,963,200፣ መጠኑን 8,192 ብሎ ያቀርባል። እውነተኛው ድምር 4,294,971,392 ነው፤ ማሽኑ የሚያየው ግን ከዞረ በኋላ የቀረውን 4,096 ብቻ ነው። 4,096 ከ32,768 ያንሳልና ይፈቀድለታል። በዚህም ከተፈቀደው ቦታ በፊት ያለ፣ የሌላ ባለቤት የሆነ አንድ ሙሉ ገጽ እጁ ይገባል። ቁጥሮቹን ቀያይሮ ወደኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት መሄድም ይችላል።

ይህ የሐሳብ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የስክሪን ምስል የሚይዘው የሊኑክስ ክፍል እንዲህ ያለ የድምር ስህተት ነበረበት፤ ሲ.ቪ.ኢ-2013-2596 የሚል መለያ ተሰጥቶት እ.ኤ.አ. በ2013 ከመጠገኑ በፊት የስልክ ጥበቃን ለመስበር ውሏል። መፍትሔው አስተማሪ ነበር፦ እያንዳንዱ ድራይቨር ወሰኑን በየራሱ ከሚለካ፣ ልኬቱን አንድ ጊዜ በትክክል የሚሠራ የጋራ መሣሪያ በከርነሉ ውስጥ ተዘጋጀ። አባቶች ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚሉት ለዚህም ይሠራል፤ ገጹ ከተሰጠ በኋላ የሚደረግ ጸጸት ገጹን አይመልስም።

ሦስተኛው ፈቃድ መለወጥ ነው። ድራይቨሩ ገጹን ለማንበብ ብቻ ይሰጣል፤ በሌላ መንገድ ግን ወደ መጻፍ መቀየር እንደሚቻል ይዘነጋል። በማሊ ድራይቨር ላይ የተገኘው ሲ.ቪ.ኢ-2021-39793 የዚህ ዓይነት ነበር። ለንባብ ብቻ የተሰጠን ገጽ ተራ መተግበሪያ እንዲጽፍበት ያስችል ነበር።

አራተኛውና ዛሬ ባለሙያዎችን እጅግ የሚያሳስበው፣ መልሶ ወስዶ ከደብተሩ አለመሰረዝ ነው። የጣና ዳርቻ ገበሬ ይህን በምሳሌ ለመረዳት አይቸገርም። ሐይቁ ሲሸሽ የሚለቀው ባሕር ሽሽ መሬት ለአንድ ወቅት ይታረሳል፤ ውሃው ሲመለስ ያ ይዞታ ያበቃል። በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ለሌላ ሰው ቢሰጥና የቀድሞው አራሽ ደብተር ሳይሰረዝ ቢቀር፣ ሁለቱም በአንድ ማሳ ላይ ሕጋዊ ወረቀት ይዘው ይገናኛሉ። በስልኩም እንደዚያው ነው። ከርነሉ ገጹን ከመተግበሪያው መልሶ ይወስድና ለሌላ ሥራ፣ ምናልባትም የራሱን ምስጢር ለሚይዝበት ያውለዋል። የመተግበሪያው ደብተር ግን አሁንም ያንን ገጽ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ከርነሉ የሚጽፈውን ሁሉ መተግበሪያው ያነባል፤ ካሻውም ይለውጠዋል።

ሜሞሪ በእጁ የገባ ፕሮግራም ምን ያደርጋል?

ቀጣዩ እርምጃ አጭር ነው። አንድሮይድ እያንዳንዱን መተግበሪያ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ተጠቃሚው የሚጭናቸው መተግበሪያዎች ቁጥር ከ10,000 ይጀምራል፤ 0 የተሰጠው ግን የሁሉ አለቃ ነው። ከርነሉ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ማንነት ጎን ለጎን በተደረደሩ 8 ቁጥሮች ይመዘግባል። የኤም.ደብሊው.አር ላብስ ተመራማሪ ማቴውሽ ፍሩባ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ድራይቨር ስህተት የከርነሉን ሜሞሪ ያገኘ ፕሮግራም የራሱን ቁጥሮች ፈልጎ በ0 በመተካት የአለቃውን ሥልጣን ሊይዝ ይችላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በመተግበሪያዎች መካከል ያለው አጥር ይፈርሳል። በጽሑፍ መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ በኪቦርድ የሚጻፈውን ፒንና በስክሪን ላይ የሚታየውን ሁሉ ማየት ይቻላል።

ይህ ዓይነቱ ስህተት ከሌሎች የሚከፋው አዳዲስ መከላከያዎችንም ስለሚያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የጊትሃብ ደህንነት ላብራቶሪ ተመራማሪ ማን ዩ ሞ፣ የሜሞሪ ስህተትን በሃርድዌር የሚይዘው ጥበቃ በበራበት የጎግል ፒክስል 8 ስልክ ላይ በማሊ ድራይቨር በኩል የከርነሉን ሥልጣን መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል። ጥበቃው የሚይዘው ከርነሉ የተሳሳተ አድራሻ ሲነካ ነው። እዚህ ግን ከርነሉ የተሳሳተ አድራሻ አልነካም፤ መተግበሪያው በእጁ ባለው ደብተር በሕጋዊ መንገድ ገጹን ነካ እንጂ። ዘበኛው ወረቀት ይዞ የመጣውን አሳልፎታል፤ ስህተቱ ወረቀቱን የጻፈው ላይ ነው።

ስለምን ደጋግሞ ግራፊክስ?

እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ አንድሮይድ አብዛኞቹን የድራይቨር በሮች ለተራ መተግበሪያዎች ዘግቷል። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን በር ማንኳኳት እንደሚችል የሚወስን ጥብቅ ደንብ አለ። የሳምሰንጉ ዓይነት ወለል ብሎ የተከፈተ በር ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው። የግራፊክስ በር ግን ሊዘጋ አይችልም፤ ማንኛውም መተግበሪያ ስክሪን ላይ ለመሳል ያስፈልገዋል። ድራይቨሩ ደግሞ ውስብስብ ነው፤ የቺፑ የራሱ የገጽ ሰንጠረዥ አለው፣ ገጾችን በየቅጽበቱ ይሰጣል፣ ይመልሳል፣ ያዛውራል። ሁሉም የሚያልፍበት በርና በየደቂቃው የሚከለስ ደብተር አንድ ላይ ሲሆኑ ተመራማሪውም ሌባውም ትኩረቱን እዚያ ላይ ያደርጋል። ማሊ በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ በሚሸጡ ስልኮች ቺፖች ውስጥ በብዛት መገኘቱ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ያቀርበዋል።

ጥገናው የሚጓዘው መንገድ

አንድ ክፍተት ሲገኝ መጀመሪያ ቺፑን የሠራው ኩባንያ ያስተካክላል። ቀጥሎ ጎግል በደህንነት ማስታወቂያው ያካትተዋል። ከዚያ የስልኩ አምራች ለእያንዳንዱ የስልክ ሞዴል አዘጋጅቶ ይፈትሸዋል። በመጨረሻ ተጠቃሚው አውርዶ ይጭነዋል። አራት እጅ የሚያልፍ ነገር በአንዱ ቢቆም ሁሉም ይቆማል።

ሁለት ታሪኮች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። በሚዲያቴክ ቺፖች ውስጥ ለምስል ሥራ የተዘጋጀ አንድ ድራይቨር፣ የፈለጉትን የሜሞሪ አድራሻ አንብብ ወይም ጻፍ የሚል ትእዛዝ ከተራ መተግበሪያ ይቀበል ነበር። መጠቀሚያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በይፋ ወጣ። ሚዲያቴክ በግንቦት ወር ጥገናውን አዘጋጀ። በጎግል ማስታወቂያ ላይ የወጣው ግን በመጋቢት 2020 ነው። በመካከሉ፣ በጥር 2020 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በጎግል መደብር ውስጥ ይህንኑ ክፍተት የሚጠቀሙ የስለላ መተግበሪያዎች ማግኘቱን አሳወቀ። ጥገናው ተሠርቶ ተቀምጦ ሳለ ሌባው ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው የማሊ ነው። የጎግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት 5 ክፍተቶችን ማሊን ለሚሠራው ለአርም ኩባንያ አሳወቀ፤ ሦስቱ መልሶ ወስዶ አለመሰረዝ ያልነው ዓይነት ነበሩ። አርም በሐምሌና በነሐሴ አስተካክሎ የታረመውን ኮድ ለሁሉም ይፋ አደረገ። ቡድኑ በኅዳር ወር ማሊ ያላቸውን ስልኮች መልሶ ሲፈትሽ የፈተሻቸው በሙሉ እንዳልተጠገኑ አገኘ፤ የጎግል የራሱ ፒክስልም ከነሱ አንዱ ነበር። እዚህ ላይ ከባድ ምርጫ አለ። የታረመው ኮድ ይፋ መውጣቱ አምራቾች እንዲያስተካክሉ ይረዳል፤ ለሌባውም የትኛው በር እንደተሰበረ ያመለክተዋል። ይፋ መሆኑ የሚጠቅመው ጥገናው ቶሎ ከደረሰ ብቻ ነው።

ሐሙሲት ሲደርስ

መንገዱ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲያቀና ሦስት ነገሮች ያረዝሙታል።

አንደኛው የስልኩ ዋጋ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ መገጣጠሚያ የከፈተውና የአማርኛ ኪቦርድ ያለው ስልክ ቀድሞ በማቅረብ የታወቀው ትራንሽን፣ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ በሚሉ ስሞቹ ስልክን ለብዙ ሰው አዳርሷል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። በጠቅላላው የስልክ ገበያ ግን ዋጋው ባነሰ መጠን ማሻሻያ የሚያገኝበት ዘመን ያጥራል። በርካሽ ስልክ ላይ ያለው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለዓመታት ጥገና መፈተሽ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ገዢው የሚያየው ዋጋውንና ካሜራውን እንጂ የጥገናውን ዘመን አይደለም፤ ሻጩም አይነግረውም።

ሁለተኛው መስመሩ ነው። አንድ ማሻሻያ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የዕለት ጥቅል የሚገዛ ሰው ይህን በዳታ አያወርድም፤ ዋይፋይ ባለበት ብቻ የሚወርድ ተብሎ የተተወ ማሻሻያ ደግሞ ዋይፋይ በሌለበት ቤት አይደርስም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ ይህን አባብሶታል። መስመር ሲቋረጥ መልእክት ብቻ አይቋረጥም፤ ጥገናም ይቋረጣል፤ ስልኮቹ ግን አገልግሎት ላይ ናቸው።

ሦስተኛው መተግበሪያ የሚገኝበት መንገድ ነው። ዳታ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ መተግበሪያ ዜንደር በተባለ ማስተላለፊያ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ ከቴሌግራም ቻናል ይወርዳል፣ ሶፍትዌር የሚጭነው ልጅ ሱቅ ውስጥ ይጫናል። በዚህ መንገድ የመጣን ፋይል የመደብሩ ፍተሻ አላየውም። የድራይቨሩ ክፍተት ብቻውን ርቆ ላለ ሌባ በር አይከፍትም፤ መጀመሪያ አንድ ተንኮለኛ መተግበሪያ ስልኩ ላይ መግባት አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዳቱ የሚደርሰው።

የሚመዘኑት ጥቅሞች

ባንኮችና የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች ከባዱ ምርጫ በእጃቸው ነው። መተግበሪያቸው የስልኩን የጥገና ቀን አይቶ ያረጀውን መከልከል ይችላል። ነገር ግን የሚከለከለው ማን ነው? አዲስ ስልክ መግዛት የማይችለው ገበሬ፣ ልጇ ያስረከባትን የድሮ ስልክ የምትይዘው እናት፣ ገና ወደ ባንክ የቀረበው ሰው ነው። ለደህንነት ሲባል ድሃውን ማስወጣት ለገንዘብ አገልግሎት መስፋፋት የተደረገውን ሥራ ይቃረናል። ያለ ልዩነት መፍቀድ ደግሞ ጉዳቱን ሊሸከም የማይችለውን ሰው ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

መካከለኛው መንገድ ገደብ ነው። ባረጀ ስልክ የሚንቀሳቀሰው የቀን ገንዘብ ዝቅ ይበል፤ ለትልቅ ክፍያ ወኪል ዘንድ መቅረብ ይጠየቅ፤ በተራ ስልክም የሚሠራው በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚደወለው አገልግሎት ይቀጥል። ይህ አገልግሎት የራሱ ድክመት ቢኖረውም በአንድሮይድ መተግበሪያ ላይ የሚቆም አይደለም።

የመንግሥት ድርሻም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ ገበያ የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት ያጸድቃል። እስካሁን በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ማጽደቅ በአብዛኛው የሚያየው የሬዲዮ ሞገድን ነው። እንግሊዝ ግን ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች ጥገና የሚሰጡበትን ዝቅተኛ ዘመን በይፋ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ ስልክ ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ማሻሻያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የአውሮፓው ዓይነት ግዴታ ዋጋ ሊያንር ይችላል። የእንግሊዙ ግን አምራቹን እውነት እንዲናገር ብቻ ስለሚጠይቅ ወጪው ትንሽ ነው።

ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

የመጀመሪያው ባለበት መቀጠል ነው። ክፍተት ይገኛል፣ ይጠገናል፣ ጥገናው ዘግይቶ ይደርሳል ወይም አይደርስም። እንዲያውም መዘግየቱ ሊብስ የሚችልበት ምልክት አለ፤ ለ10 ዓመት ገደማ በየወሩ ጥገና ሲይዝ የቆየው የጎግል ማስታወቂያ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ባዶ ሆኖ ወጣ፤ አስቸኳይ ያልሆነው ጥገና በየሦስት ወሩ እየተጠቃለለ መውጣት ጀምሯል። ለአምራቾች ሥራ ያቀላል፤ የተገኘ ክፍተት ሳይዘጋ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ያረዝማል።

ሁለተኛው የቴክኖሎጂው መሻሻል ነው። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ የከርነሉ ዋና አካል ከቺፕ አምራቾች ድራይቨር ተለይቶ እንዲጠገን መንገድ ተከፍቷል። በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሊኑክስ 6.1 ደግሞ ብዙ የሜሞሪ ስህተቶችን ገና ኮዱ ሲዘጋጅ የሚይዘውን የራስት ቋንቋ ወደ ከርነሉ አስገብቷል። ተስፋው እውነተኛ ነው። ነገር ግን በአዲስ ቋንቋ የሚጻፈው አዲስ ድራይቨር ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ስልኮች ከነድሮው ድራይቨራቸው ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። በእጅ አዙር ከባሕር ዳር ወደ ገጠር ለሚወርድ ስልክ ይህ ዘመን ይበልጥ ይረዝማል።

ሦስተኛው በደንብ የሚመጣ ለውጥ ነው። ባለሥልጣኑ የጥገና ዘመን በካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ቢያዝ፣ ባንኮች ገደቡን ቢያወጡ፣ የቴሌኮም ድርጅቶች የደህንነት ማሻሻያ ሲወርድ ዳታ ባይቆጥሩ፣ መዘግየቱ በአንድ ጊዜ ባይወገድም ይቀንሳል። ከሦስቱ በቅርብ ጊዜ በአገር ውስጥ አቅም ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። ሌሎቹ በካሊፎርኒያ፣ በካምብሪጅና በሼንዘን ባሉ ኩባንያዎች የሚወሰኑ ናቸው።

ማጠቃለያ

አደጋውን ማጋነን አይገባም። አንድን ሰው ደውሎ ፒኑን በማታለል መውሰድ የከርነል ክፍተት ከመበርበር እጅግ ይቀላል፤ ተራው ሌባ የሚመርጠውም ቀላሉን ነው። አሳንሶ ማየትም ስህተት ነው። ማታለልን ጠንቃቃ ሰው ይከላከለዋል፤ ሳይለካ የተጋራ ገጽን ግን የቱንም ያህል የተጠነቀቀ ተጠቃሚ አይከላከለውም። ለዚህ ነው ኃላፊነቱ በተጠቃሚው ላይ ብቻ መጣል የሌለበት። ለካ የሚባለው ጸሐፊ፣ አድርስ የሚባለው አምራች፣ ጠይቅ የሚባለው ተቆጣጣሪ፣ መዝን የሚባለው ባንክ ሁሉም የየድርሻቸውን ይዘዋል። ከሁሉም አስቀድሞ መደረግ ያለበትና ርካሹ የጥገናው ዘመን በካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ነው፤ ገዢው ያላወቀውን ሊጠይቅ አይችልምና።

እስከዚያው አንባቢ በእጁ ያለው ነገር አለ። የስልክዎን ቅንብር ከፍተው ስለ ስልኩ በሚለው ውስጥ የደህንነት ማሻሻያውን ቀን ያንብቡ። ማሻሻያ እየጠበቀ ከሆነ ዋይፋይ ባገኙበት ቀን ይጫኑት። መተግበሪያ ከመደብሩ እንጂ ከሰው ስልክ አይቀበሉ። ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ካረጀና አዲስ ማሻሻያ ከሌለው፣ በዚያ ስልክ ይደውሉ፣ ያውሩ፤ የሩዙን ገንዘብ ግን በሌላ ያንቀሳቅሱ።